እርጥብ ቤት

ማራማዊት ጧት ስትነሳ ከባሏም ከልጇም በፊት «እንዴት አደራችሁ» የምትለው ከረጢቶቹን ነበር። መጀመሪያ ከበሩ ጎን የተተከለውን መዳብ በመዳፏ ትነካለች። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የአደራውን ክፍል ቀስ ብላ ትከፍታለች። ቀዝቃዛው አየር ፊቷን ሲዳስሳት ደስ ይላታል፤ ከቤቱ ሁሉ ማቀዝቀዣ ያለው ይኸው ክፍል ብቻ ነውና። ከረጢቶቹ ከወለሉ ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ክንድ ያህል ራቅ ብለው፣ እንደ ተከበረ እንግዳ ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ደረታቸው ላይ ትንሽ መስኮት አለቻቸው፤ በመስኮቷ ውስጥ አንዲት ነጥብ ትታያለች። ነጥቧ ሰማያዊ ከሆነች ውስጥ ያለው የናይለን ፍሬ፣ ፋብሪካው አቅልጦ ዕቃ የሚሠራበት እንክብል፣ ደረቅ ነው። ሮዝ ከሆነች ረጥቧል።

ማራማዊት በየተራ ታያቸዋለች። ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ። በሩን ዘግታ ትወጣና ሁለት እርምጃ ሳትራመድ «በደንብ አይቼዋለሁ ግን?» ብላ ተመልሳ ትገባለች።

ከውጭ የሰፈሩ ድምፅ ማጉያ የጧቱን ምክር ያሰማል። ፍሬ ከፈሰሰ ሳትረግጡ ጥረጉ፣ ያንሸራትታል። ከረጢት በከረጢት ላይ ከደረት በላይ አትከምሩ። ክብሪትና ከሰል ከአደራው አርቁ። የቀለጠ ፍሬ ቆዳ ላይ ከተጣበቀ አትላጡ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩ። የሰፈሩ ሕፃናት ምክሩን ዜማ አበጅተውለት ገመድ ይዘሉበታል። «አትላጡ፣ ንከሩ» የሚለው ላይ ሲደርሱ በአንድ እግር ነው የሚዘሉት።

ኮምቦልቻ መጋዘን መሥራት ከተወች አንድ ትውልድ አልፏል። ምክንያቱ ትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ልጆች ፈተና ላይ ይጽፉታል። አንድ መጋዘን ከተቃጠለ ዜና ነው፤ አንድ ቤት ከተቃጠለ ግን የጎረቤት ወሬ ነው። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ጥሬ ዕቃቸውን ለየቤቱ አከፋፈሉት። ቤት የደረሰው ሰው አደራም ደረሰው። ቁልፍ በሚሰጥበት ቀን ባልና ሚስት ከረጢቱ ላይ እጃቸውን ጭነው «የሰማይ የምድር አደራ» ተብለው ይረከባሉ። ፀሐይ የማይገባበት፣ ግድግዳው የማያልበው ደህናው ክፍል ለአደራው ይሆናል። ሰዎቹ በተረፈው ተጠጋግተው ይተኛሉ። በግንቦት ሙቀት ቤተሰቡ ሁሉ ጀርባውን ለአደራው በር ሰጥቶ እራቱን ይበላል፤ በበሩ ስር ሾልካ የምትወጣው ብርድ ለሁሉም ትዳረሳለች።

የኖሩበት ነገር እንግዳ አይሆንም። ከፍሬ ጋር የሚኖር ሰው የናይለን ልብስ አይለብስም፤ ሲፋተግ ብልጭታ ይፈጥራል። ስለዚህ ጋቢና ቡልኮ ከሞቱበት ተነሱ። እንግዳ ሲመጣ «ግቡ» ከመባሉ በፊት «ምድር ነካችሁ?» ይባላል፤ እንግዳው መዳቡን ነክቶ በላዩ ያለውን ብልጭታ ወደ መሬት ሰድዶ ይገባል። የማራማዊት ልጅ ሀሴት ገና ሕፃን ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ እጇን ዘርግታ የምትሮጠው ወደ እናቷ ሳይሆን ወደ መዳቡ ነበር። መጀመሪያ ምድር፣ ከዚያ እናት። ማራማዊት በዚህ ቅር ተሰኝታ አታውቅም፤ እንዲያውም ልጅቷ በደንብ ነካች አልነካች ብላ «እስቲ ድገሚው» ትላት ነበር።

ቤት ሁሉ ታዲያ እኩል አይደለም። ናይለን የሚጠብቅ ቤት ክብር አለው፤ ናይለን እርጥበት ከአየር ላይ የሚጠጣ አስቸጋሪ ፍሬ ነውና ለታመነ ሰው ብቻ ነው የሚሰጠው። ጀሪካን የሚሠራበትን ተራውን ፍሬ የሚጠብቁት ደግሞ ላይኛው ፎቅ፣ ቆርቆሮው ስር፣ ያለ ማቀዝቀዣ ይኖራሉ። ድሮ ሰው ሲጋባ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር ነበር አሉ። አሁን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የሚጠየቀው «ቤታቸው ደረቅ ነው ወይ?» የሚለው ነው። አንድ ጊዜ ፍሬው ረጥቦ የተገኘበት ሰው «እርጥብ ቤት» ይባላል። በሩ ላይ ሮዝ ክብ ይለጠፍበትና ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ጀሪካኖቹ ይወጣል። ከእርጥብ ቤት ልጅ ለማግባት የሚሰለፍ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

የሀሴት ሽማግሌዎች እሁድ ጧት ይመጣሉ ተባለ። የምትወደው ልጅ ኪሩቤል ይባላል፤ ፋብሪካው ውስጥ ማቅለጫው ማሽን ላይ ነው የሚሠራው። ከየቤቱ የተሰበሰበው ፍሬ በሱ እጅ ነው የሚቀልጠው። የፋብሪካው መኪና የክረምቱን አደራ ሊወስድ የሚመጣው ደግሞ በማግስቱ፣ ሰኞ ነው።

ሌላ እናት ብትሆን እሁድን ትጠብቅና ሰኞን ትረሳ ነበር። ማራማዊት ግን ክፉውን ነገር አስቀድሞ ያላሰበው ሰው ይመጣበታል ብላ የምታምን ሴት ናት። ሀሴት ካሳለች ሳንባዋ ነው። ባሏ ናኦድ ከሥራ ካረፈደ መኪና ገጭቶታል፤ በሩን ከፍቶ ሲገባ ደግሞ «አንድ ቀን ግን» ትለዋለች። ናኦድ ለምዶታል። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ደህና የኖረው ሚስቱ ስለምትጨነቅለት እንደሆነ በቀልድ ያወራል፤ አንዳንዴም ቀልዱን ራሱ ያምነዋል።

ያን ሳምንት የቦርከና ጉም ከወንዙ ተነስቶ ደረጃው ድረስ ወጣ። የታጠበ ልብስ አልደርቅ አለ፤ ጨው ዕቃው ውስጥ ተጋገረ። ማራማዊት አንድ ጧት ወደ በሩ ቀረብ ያለውን ከረጢት ስታይ ነጥቧ አላምር አለቻት። ሮዝ አይደለችም። ሰማያዊነቷ ግን የትናንቱ ዓይነት አይደለም።

ናኦድን ጠራችው። አየና ሰማያዊ ነው አለ።

«ምን ዓይነት ሰማያዊ?»

«ሰማያዊ ዓይነት ሰማያዊ።»

ሀሴትን ጠራቻት። ሀሴት ፀጉሯን እየሠራች መጣች፤ አጎንብሳ አየች፤ ሰማያዊ ነው አለች። ከዚያ በእርጋታ፣ እርጥበት ካለም በሩ በየደቂቃው ሲከፈት የሚገባ እንደሆነ አስረዳቻት። «ተይው እማዬ፤ ታሽጓል እኮ። ካልነካሽው ምንም አይሆንም» አለቻት። ማራማዊት ልጇን አላመነቻትም። የሚዳር ሰው ሁሉ ነገር ደህና ይመስለዋል።

አርብ ሁለቱም ሲወጡላት ጎረቤቷን እመት ኢክራምን ጠርታ አማከረቻቸው። እመት ኢክራም ባላቸው የሞተባቸው፣ ጨዋታ የሚያውቁ አሮጊት ናቸው፤ ቤታቸው አጠገብ ለአጠገብ ነው። ነጥቧን በአንድ ዓይናቸው፣ ከዚያ በሌላው አዩና «አብሽሪ፣ ሰማይ ራሱ እንደዚህ ሰማያዊ አይደለም» አሉ። ማራማዊት ግን ሌላ ነገር ትዝ ብሏት ነበር። አያቷ ገበሬ ነበሩ። ስንዴው ጎተራ ከመግባቱ በፊት አንዲት ፍሬ አንስተው በመንጋጋቸው ይሰብሯታል፤ «ቀጭ» ካለች ደርቃለች፣ ከተለጠጠች ገና ናት። ዓይን ይዋሻል፣ ጥርስ አይዋሽም ይሉ ነበር።

የከረጢቱን ማዕዘን በቢላ ጫፍ ከፈተች። ትንሽ ነው የከፈተችው፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ። አንዲት ፍሬ አወጣች፤ ነጭ፣ የምስር ክክ የምታህል። ነከሰቻት። ቀጭ አላለችም። ጥርሷ ስር እንደ ሠም ገባ ብላ ተመለሰች። ሌላ ነከሰች። ሌላም።

«ረጥቧል» አለች።

ናይለን ቢደርቅም ቢረጥብም ጥርስ እንደማያደቀው የነገራት ሰው አልነበረም። የጧቱ ምክር ስለ መንከስ የሚለው ነገር የለውም። ምክሩን የጻፉት ሰዎች አንድ ሰው ይነክሰዋል ብለው አላሰቡማ።

እመት ኢክራምም እንዲሞክሩት ሰጠቻቸው። እሳቸው በሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ፈገግ ብለው ፍሬዋን መለሱላት። «የኔ ጥርስ ራሱ ፍሬ ነው፣ ልጄ። ፍሬ በፍሬ አይፈተንም።»

ቅዳሜ ጧት እግዜር ያዘነላት መሰላት፤ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጣች። እህል ከረጠበ መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ማስጣት። ናኦድ ተረኛ ነበር፣ ሀሴት ለእሁድ ዕቃ ልትገዛ ገበያ ወርዳለች። ሁለቱ ሴቶች ከረጢቱን እየጎተቱ፣ እየተቀመጡ፣ እንደገና እየጎተቱ ከቆርቆሮው ጎን ባለው ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ አወጡት። ማራማዊት ንጹሕ አንሶላ አነጠፈችና ፍሬውን ዘረገፈችው።

ማማሩ። በፀሐይ ሲያዩት እንደ ዕንቁ ያብለጨልጫል። በእጇ ስትበትነው ፍሬው እየዘለለ ክንዷ ላይ ተለጠፈ፤ ብታራግፈው የማይወርድ ሆነ። እርግቦች መጥተው አንድ አንድ ለቀሙ፤ ወዲያው ተፉት። ነገሩ ከሰዎቹ ቀድሞ የገባቸው እነሱ ናቸው። እመት ኢክራም እርግቦቹን እሽ ሊሉ ብድግ ሲሉ ያፈተለከች ፍሬ ረገጡና ሸርተት ብለው በመቀመጫቸው አረፉ። ከዚያ በተቀመጡበት «ወላሂ፣ ምክሩ ልክ ነው» ሲሉ ማራማዊት ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ሳቀች። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ስጥ ጠባቂ ሆነው ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ስለ ሠርግ አወሩ፤ ስለ ድሮ ክረምት አወሩ። ማራማዊት አንዲት ፍሬ አንስታ ነከሰችና ትንሽ የጠነከረች መሰላት።

ዝናቡ ፀሐይዋ ሳትገባ ነው የመጣው። ከታች ሕፃናቱ «ጅብ ወለደች» እያሉ መጮኽ ጀመሩ። ማራማዊት አንሶላውን በአራት ማዕዘን ሰብስባ ወደ ከረጢቱ ስትገለብጠው ፍሬው በጣቶቿ መሃል እንደ ውሃ ይፈስ ነበር፤ ከውሃውም ጋር። የተበተነውን በእፍኝ፣ ከዚያ በቁና፣ ከዚያ በጫማ ለቀሙ። ክፍሉ ውስጥ መልሰው ርብራቡ ላይ ሲያስቀምጡት ነጥቧ አልተጠራጠረችም። ሮዝ ነበረች። ድድ የመሰለች ሮዝ።

ማራማዊት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አሁን እንግዲህ የፈራችው ሁሉ ደርሷል፤ የገረማት ነገር ቢኖር ደግሞ እንደ ፈራችው ጮክ ብሎ አለመምጣቱ ነው። ነገ ሽማግሌዎቹ ቤቱ ደረቅ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ሰኞ መኪናው ይመጣል። ልጇ የእርጥብ ቤት ልጅ ትሆናለች።

እመት ኢክራም ወደ ቤታቸው ሄደው ብልቃጥ ይዘው ተመለሱ። የጥፍር ቀለም ነው፣ ሰማያዊ። ማራማዊት መጀመሪያ ያየችው ጥፍራቸውን ነበር፤ ምንም የለበትም። በሰፈሩ ውስጥ ጥፍሯን ሰማያዊ የምትቀባ አንዲት ሴት እንደሌለች ያኔ ታወቃት። ከታች ያለው ሱቅ ግን ሰማያዊ ቀለም አጥቶ አያውቅም።

እመት ኢክራም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አሳዩዋት። የሚቀባው ነጥቧ ሳትሆን መስኮቷ ናት፤ ስስ መሆን አለበት፤ የተቀደደው ማዕዘን ደግሞ ስስ ጨርቅ ተደርቦ በካውያ ሲተኮስ እንደ ፋብሪካው ይገጥማል።

«እርስዎም?» አለቻቸው።

«ክረምት ሲበዛ» አሉ እመት ኢክራም፣ ዓይናቸውን ወደ በሩ መልሰው። «ሁሉም ቤት ክረምት አለበት፣ እታለም።»

ሀሴት ስትገባ እናቷ ማዕዘኑን ተኩሳ ጨርሳ ነበር፤ ብልቃጡ ጭኗ ላይ ነው። ሀሴት መዳቡን ነካች፤ ከረጢቱን አየች፤ የረጠበውን አንሶላ አየች። ማራማዊት ሁሉንም ነገረቻት፣ ስለ ንክሻውም ጭምር። ልጅቷ ትቆጣለች ብላ ጠብቃ ነበር። ሀሴት ግን አጠገቧ ተቀመጠችና ስለ ኪሩቤል ክንድ ነገረቻት።

ክንዱ ላይ ጠባሳ አለ፤ ምስር የሚያካክሉ ነጠብጣቦች፣ ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ። ሁልጊዜ እጅጌ ይለብሳል። አንድ ቀን ሸሚዙን ሲሰበስብ ነው ያየችው። እርጥብ ፍሬ ማቅለጫው ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው ውሃ ይፈላና ማሽኑ የቀለጠውን ይተፋል። አይላጥም፤ ውሃ ውስጥ ተነክሮ እስኪለቅ መጠበቅ ነው። እሱ በቀልድ ነው የሚያወራው። ይቺ ከወንዝ ማዶ የመጣች ናት፣ ይቺ ከመስጊዱ ጀርባ ካለው ሕንፃ ናት እያለ እንደ ካርታ ያሳያታል። ከጎኑ የሚሠራውን ልጅ ግን ዓይኑ ስር ነበር የነካችው።

«ከረጢቶቹ ምን ዓይነት ነበሩ?» አለች ማራማዊት።

«ሁሉም ሰማያዊ ነበሩ አለኝ።»

ሀሴት ተነሳች። «ቀቢም አትቀቢም አልልሽም፣ እማዬ። የኔው ነገር ስለሆነ አፌን አልከፍትም» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ማራማዊት በሕይወቷ ሁሉ አንድ ክፉ ነገር መርጣ መፍራት ነበር የምታውቀው። አሁን ሁለት መጡባት፣ ከሁለት በር። ባትቀባ ልጇ ሳትዳር ትቀራለች። ብትቀባ ማሽኑ የሌላ እናት ልጅ ፊት ላይ ይተፋል፤ ምናልባትም የአማቿ። ቀለሙ ብሩሹ ጫፍ ላይ ሊደርቅ ሲል ቀባችው። መስኮቷ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ሰማያዊ ሆነች። ናኦድ ሲመጣ ምንም አልነገረችውም፤ እሱም በሩን ገርበብ አድርጎ አይቶ «አየሽ?» አላት፣ ደስ ብሎት።

እሁድ ጧት ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው፤ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው። ፊተኛው የኪሩቤል አጎት ጋሽ ኢዮስያስ ናቸው፤ ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ ሰው። በየተራ መዳቡን ነኩ።

«ምድር ነካችሁ?» አለ ናኦድ።

«ነካን።»

«እንግዲያው ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ኢዮስያስ፣ እንደ ወጉ። ቆሙ። ሌሎቹም ከኋላቸው ቆሙ። «በመጀመሪያ ወጉ ነውና እንጠይቅ። ቤታችሁ ደረቅ ነው?»

ናኦድ ፈገግ አለ። «ደረቅ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እርጥብ ነው» አለች ማራማዊት።

ናኦድ አንገቱን ብቻ ወደ እሷ አዞረ። ማራማዊት ዓይኗን ከሽማግሌዎቹ እግር አላነሳችም፤ ቃላቱ እንዳያመልጧት የምትሮጥ ይመስል በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። ትናንት ጣሪያ ላይ አስጥታው ዝናብ መታው። ማዕዘኑን በካውያ ተኮሰችው። መስኮቷን በጥፍር ቀለም ቀባችው፤ ከበሩ አጠገብ ያለው ነው፣ ገብተው ማየት ይችላሉ።

«ለባሌም አልነገርኩትም፤ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ልጃችሁ ማሽኑ ላይ ነው። ነገ የሚሄደው ፍሬ የማን ፊት ላይ እንደሚተፋ አላውቅም። የሰው ልጅ ነው።»

ከኋላ የቆሙት አጭሩ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስጥ ጣሪያ ላይ ለምን እንደወጣ ሊገባቸው እንዳልቻለ ተናገሩ።

«ስነክሰው አልሰበር ስላለኝ ነው።»

«ነከስሽው? ናይለኑን?»

«አዎ።»

«እንደ ሽምብራ?»

«እንደ ስንዴ» አለች ማራማዊት፣ የምሯን።

ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ የታፈነ ድምፅ መጣ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልታወቀም። አጭሩ ሽማግሌ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አዞሩ። «እንግዲህ የጀሪካን ዘመድ ልንሆን ነው የመጣነው» አሉ ለሦስተኛው፤ ዝቅ አድርገው የተናገሩ መስሏቸው ነበር፣ ግን ሁሉም ሰማ። ማራማዊት ጆሮዋ ጋለ። አሁን ከዘራቸውን ያነሳሉ፤ በደረጃው ሲወርዱ ጎረቤት ሁሉ በየበሩ ቀዳዳ ያያቸዋል ብላ ጠበቀች። የሀሴትን ፊት በሐሳቧ አየችው።

ጋሽ ኢዮስያስ ከዘራቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«በዚህ ከተማ ለስንቱ ልጅ ሽማግሌ ሆኜ በር አንኳክቻለሁ» አሉ። «እርጥብ ቤት ገጥሞኝ አያውቅም። የገባሁበት ሁሉ ደረቅ ነው። ሁሉም ሰማያዊ ነው።» የአደራውን በር አዩ። «የኪሩቤል ክንድ ግን ይህን አልሰማም።»

ከዚያ ወደ ናኦድ ዞሩ።

«አቶ ናኦድ፣ ቅድም ተቀመጡ ብላችሁን ነበር።»

ናኦድ «አዎ፣ ጋሼ» አለ።

«እንግዲያው እንቀመጥ።»

ተቀመጡም። የመጡበትን ሳይናገሩ፣ ከወጉ ውጪ፣ ተራ በተራ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። አጭሩ ሽማግሌ መጨረሻ ላይ ነበሩ። ጀርባቸውን ወደ አደራው በር አስጠግተው በሱ ስር የምትወጣዋን ብርድ ሲያገኟት ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ፤ «ይህቺን እንኳ ካሁኑ እንጠቀምባት» አሉ።

ሰኞ መኪናው መጣ። ተቆጣጣሪዋ ለግላጋ ወጣት ናት። ማራማዊት ከረጢቱን ስታሳያት በጥፍሯ ቀለሙን ፋቀችው፤ እንደ ሰለቻት ነገር ነው የፋቀችው። ለብቻው አስጭና ማድረቂያ ቤት እንዲሄድ አዘዘች። ከዚያ ሮዝ ክቡን ከቦርሳዋ አውጥታ በሩ ላይ ለጠፈች፤ አየር እንዳይዝ በመዳፏ ደጋግማ ዳበሰችው። ስለ ትብብራችሁ እናመሰግናለን ስትል ድምፅዋ ጧት ጧት በማጉያው ከሚሰማው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። በዚያ ክረምት ከዚያ ሕንፃ ሮዝ ክብ የተለጠፈው አንድ በር ላይ ብቻ ነው። የቀሩት ሁሉ ደረቅ ሆነው ተመዘገቡ።

በጳጉሜ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጡ። ቆርቆሮው ቀን ያቃጥላል፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሰው ከሰው አያደማምጥም። የጀሪካኑን ፍሬ ያመጣው ሠራተኛ ከረጢቶቹን በትከሻው እያወረደ ማራማዊትን ሊያጽናናት ሞከረ። ይህ ፍሬ ውሃ አይጠጣም፣ ዝናብ ውስጥ ቢያድር ጧት አራግፎ መውሰድ ነው፣ ነጥብ እንኳ የለውም አላት። ማራማዊት ከረጢቱን ዞር ብላ አየችው። እውነት ነው፣ መስኮት የለውም። ከባድ ነገር ከትከሻዋ የወረደ ያህል በረጅሙ ተነፈሰች፤ ናኦድም አብሯት ተነፈሰ።

«እሳትስ?» አለች።

«እሳትማ ይይዘዋል» አለ ሠራተኛው፣ ሳያስበው። ናኦድ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

በጥቅምት አንድ ጧት ደረጃው ላይ የሚጎተት ነገር ሰማች። ስትወጣ እመት ኢክራም ናቸው፤ ፍራሻቸውን በአንድ ልጅ አሸክመው፣ ራሳቸው ምንጣፋቸውን በብብታቸው ይዘው እየተነፈሱ ይወጣሉ። ከታች በራቸው ላይ ሮዝ ክብ ተለጥፏል። ምን ነካዎት አለቻቸው ማራማዊት ደንግጣ። እመት ኢክራም ምንጣፋቸውን አውርደው ወገባቸውን ያዙ።

«መቀባት ሰለቸኝ» አሉ።

ሀሴትና ኪሩቤል በጥር ተጋቡ። አዲስ ቤት ደረሳቸው፣ የናይለን ቤት፤ በኪሩቤል ስም ስለተመዘገበ የእናቷ ሮዝ ክብ አልተከተላትም። ማራማዊት ልጇን ለመጠየቅ የሄደችው ከሠርጉ ጥቂት ሰንበት በኋላ ነው። በሩ ላይ መዳቡን ነካች፤ በደንብ እንዲሆን ደገመችው። ሀሴትም ነካችና ተቃቀፉ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ወንበሩ አዲስ ነው፤ ኪሩቤል እጅጌውን ሰብስቦ ሰሃን እያጠበ ነበር። ማራማዊት ክንዱን አየች፤ እሱም እንዳየች አየ፤ አልሸፈነውም።

ለእንግዳ በተዘጋጀው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ የአደራው ክፍል በር ነው። ስለ አክስቷ ሕመም አወራች፣ ስለ ቆርቆሮው ሙቀት አወራች፣ እመት ኢክራም ላይኛው ፎቅ ላይ ስላቋቋሙት ዕቁብ አወራች። ዓይኗ ግን ከበሩ አልተነሳም። እጇ ከጉልበቷ ላይ ሊነሳ ሊነሳ ይልና ይተኛል።

«ሰማያዊ ነው፣ እማዬ» አለች ሀሴት።

«ሳላይ?»

«ሳታዪ።»

ማራማዊት የቀረበላትን ውሃ ጠጣች። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠችው። በበሩ ስር የምትመጣው ብርድ እግሯን ዳሰሰቻት፤ እግሯን ወደ ራሷ ሰበሰበች፤ ከዚያ መልሳ ዘረጋችው። ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አሳረፈች።

«እሺ» አለች። «ሳላይ።»